ማማለያና ማታለያ

ገበያ ወጥቼ ማንኪያ ካየሁ እጄ አያርፍም። ለመብላት አይደለም። እጀታውን ብረት በያጁ ዘንድ አስቆርጣለሁ፤ የቀረውን ጎድጓዳ ጫፍና ጫፉን አስበስቼ በአንዱ ክር፣ በሌላው መንጠቆ አስርበታለሁ። ውሃ ውስጥ ሲሳብ እየተገላበጠ ያብለጨልጫል። ዓሣው የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚሸሽ መስሎት ይነክሰዋል። ማማለያ የምንለው ይህንን ነው። ትል የለበት፣ ሊጥ የለበት፣ የሚበላ ነገር በጭራሽ የለበትም።

ሙያውን የተማርሁት አርባ ምንጭ፣ ከአጎቴ ነው። አጎቴ ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ እንግዶችን ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ይወስድ ነበር፤ እነሱ የጣሉትን ማማለያ እየጠገነ እኔንም አስለመደኝ። በመምህርነት ቢቸና ስመደብ የአገሬ ሰው እንደ ታመመ ሰው አዘነልኝ። «ደጋ ወጥተህ ምን ልታጠምድ ነው?» አሉኝ። አላዋቂዎች! አባይ እኮ ጎጃምን ዞሮት ነው የሚሄደው። ወደ እሱ በሚወርዱት ወንዞች፣ ውሃው ረጋ ብሎ በሚተኛበት ሁሉ ነጭ ዓሣ አለ። የጫሞውም ነጭ ዓሣ ይባላል፤ ዘራቸው ለየቅል ነው፣ ጠባያቸው ግን አንድ ነው። ከፊታቸው የሚሸሽ ነገር ሲያዩ አያስችላቸውም።

ቢቸና ከማንኪያ አልፌ እንጨት መቅረጽ ጀመርሁ። መጀመሪያ ወይራ ሞከርሁ፤ እንደ ድንጋይ ሰመጠ። ዋንዛ ግን እሺ ባይ እንጨት ነው፤ ቢላው እንደወሰደው ይሄዳል፣ ውሃውም ላይ ቀለል ይላል። ጣት የምታህል ዓሣ ቀርጬ፣ ከአገጯ ሥር ከአሮጌ ሲዲ የቆረጥሁትን ምላስ እሰካላታለሁ። ውሃው ምላሷን ሲገፋት ወገቧን እየነቀነቀች ትዋኛለች። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞልቼ እየጎተትሁ ስፈትሻት አከራዬ በራቸው ላይ ቆመው ያማትባሉ። እኔ ደግሞ ሥራዬን ስለማውቅ አላፍርም።

የቸገረኝ ቀለሙ ነበር። የግድግዳ ቀለም ውሃ ሲነካው ይላጣል። የማይላጠውን ሳስብ የጥፍር ቀለም ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ኬሚስትሪ ወደምታስተምረው የሞጣ ልጅ ሄድሁና፣ «የጥፍር ቀለም ታበድሪኛለሽ?» አልኋት።

«ለየትኛው ጥፍርህ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በማግሥቱ ቀይ ቀለም አመጣችልኝ። እንዴት እንደምቀባ ካላየሁ አልሰጥም አለች፤ አየች፤ ቀጥላም «እንዲህ አይደለም» ብላ ብሩሹን ተቀበለችኝና ከእንጨቷ ዓሣ ጉሮሮ ሥር አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረች። ሌላውን የእንጨቱን መልክ እንዳለ ተወችው። በሕይወቴ ያን የሚያህል ትክክለኛ መስመር አላየሁም። ወደድኋት፤ ሌላ ምን ይባላል? ዓመት ሳይሞላን ለመጋባት ተስማማን፤ የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ሆነ።

አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። ሞጣ ውስጥ ትንሽ ትልቁ የኔታ ይላቸዋል። እሷ እኔን ብትወድም ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት እንደማትወጣ ከመጀመሪያው ቁርጡን ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ወላጆቼ ሩቅ፣ ዘመዶቼ ሩቅ፤ ለሽምግልና የላክሁት ከትምህርት ቤታችን ዕድሜ የጠገቡትን መምህራን ነው። ከእነሱ አዛውንቱ አፈ ጉባኤ ሆነው ስሜን ሲያነሡ፣ የኔታ ቀና ብለው፣ «ልጁ ከማስተማሩ ሌላ ምን ሙያ አለው?» ብለው ጠየቁ።

«እጁ ባለሙያ ነው፣ የኔታ» አሉ የኔ ሽማግሌ፣ ሊያሞግሱኝ። «በትርፍ ጊዜው ማታለያ ይሠራል።»

«ማታለያ?»

«አዎን፣ ግሩም ማታለያ! ዓሣው አይቶ አያልፈውም።»

አንዲት ፊደል! «ማ» ማለት ሲገባቸው «ታ» አሉና ማማለያዬን ማታለያ አደረጉት። ያውም በቅኔ መምህር ፊት። የኔታ ሰውን ሙሉ ቀን የሚያሳስብ ነገር ከአንዲት ፊደል የሚያወጡ ሰው ናቸው። ጢማቸውን እየደባበሱ፣ «በትርፍ ጊዜው ማታለያ የሚሠራ፣ በሥራ ሰዓቱ ምን ሊሠራ ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቼ ስህተቱን ሊያርሙ ቢሞክሩ፣ «ምላስ የሚስተው እውነት ሊናገር ሲል ነው» ብለው አቋረጧቸው። መልሳቸውም እሺ ወይም እምቢ አልነበረም፤ «ልጁ ራሱ ይምጣና ያሳየኝ» ብቻ ነበር።

ይህን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። ሽማግሌው ይቅርታ ሊጠይቁኝ ቢጀምሩም አላስጨረስኋቸውም። ቆይቼ ግን ተረጋጋሁ። በቃል ማሸነፍ አልችልም፤ የኔታን በቃል የሚያሸንፍ አልተወለደም። በወንዝ ግን እችላለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ የአጎቴን አሮጌ የማጥመጃ ዘንግ ይዤ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ብቻ በቆመ ሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጉልበታቸው ቁልቁለት ስለማይወድ ዓርብ ማታ ቀድማኝ የመጣችውን ልጃቸውን ተደግፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወንዝ ወረድን። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቶ ስለነበር ውሃው ጠርቶ ታችኛው ድንጋይ ይቆጠራል።

ከሳጥኔ ያወጣሁት እንደ መስታወት የወለወልሁትን ማንኪያ ነበር። ወረወርሁ፣ ሳብሁ። ደግሜ ወረወርሁ። ዓሦቹ ይታዩኛል፤ ማንኪያው ሲደርስባቸው ግን ብትን ይላሉ። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚበተኑትን ዓሦች ይቆጥራሉ። እሷ ጠጋ አለችና፣ «ያንን የመረጥኸው ለአባባ ዓይን ነው ወይስ ለዓሣው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብልጭልጭ ለድፍርስ ውሃ ነው የሚሆነው፤ በጠራ ውሃ ያስደነግጣል። ይህንን እኔ ነበርሁ ለሌላው የማስተምረው! ማንኪያውን ፈትቼ እሷ ጉሮሮዋን የቀባቻትን የዋንዛ ዓሣ አሰርሁ። በመጀመሪያው ውርወራ ከድንጋዩ ሥር ጥላ ተነሥቶ ተከተላት፤ ዘንጌ ጎበጠ። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ አውጥቼ የኔታ እግር ሥር አቀረብሁ። ደስታዬ ከፊቴ ይነበብ ነበር።

የኔታ ጎንበስ ብለው የዓሣውን አፍ አዩ። መንጠቆው ከንፈሩን ወግቶት ትንሽ ደምቷል።

«አየህ፣ ልጄ» አሉ። «ሽማግሌህ አልተሳሳተም። የሚያምር ነገር አሳይተህ የሚወጋ ነገር ሰጠኸው። ይህ ማታለያ ነው።»

«የኔታ፣ የሚወጋው እንጨቱ አይደለም፣ መንጠቆው ነው» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ያማረችው እንጨት ማንንም አልዋሸችም። አምራ ነው የተሠራችው፣ አምራ ነው የምትዋኘው።»

«እንግዲያው መንጠቆውን አውጣላት።»

ዓሣውን ወደ ውሃው መለስሁት። መንጠቆውን ፈትቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥሁና ባዶዋን እንጨት ወረወርሁ። የኔታ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከአጠገቤ ቆሙ። ጥላው መጣ፤ ሌላ ዓሣ ነው። ነከሳት፣ ለቀቃት፤ ዞሮ ተከተላት፤ እግራችን ሥር ድረስ አጅቧት መጣና ተመለሰ። የኔታ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ያለ መንጠቆም ይመጣል?»

«ይመጣል፣ የኔታ።»

«ታዲያ መንጠቆው ለምንድን ነው?»

«ይመጣል እንጂ አይቆይም።»

ሳቃቸው ቆመ። ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩ፤ ስለ ዓሣ ማውራታችን እንዳበቃ ገባኝ።

«ለልጄ የያዝህላት የቱን ነው?» አሉ።

«መንጠቆ የሌላትን።»

«ብትሄድብህስ?»

መልሱ እጄ ላይ ነበር። «ከሄደች ማማለያዬ ሥራው ጎድሎ ነው፣ የኔታ። ተቀምጬ እንደገና እቀርጻለሁ።»

የኔታ እንጨቷን ከክሩ ተቀበሉኝ። ውሃዋን በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁ፣ ጉሮሮዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ቀዩን መስመር ሲያዩ ወደ ልጃቸው ጥፍር ዞር አሉ፤ ልጅየው አንገቷን ደፋች። «ማማለያ» አሉ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ። «ማማለያ ነው። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው፤ ብቻ ያንን ሰውዬ ንግግር እንዳታስጀምረው።»

ዕቃዬን ስሰበስብ መንጠቆውን ድንጋዩ ላይ አጣሁት። ወድቆ እንደሆነ ብዬ በአራት እግሬ ሣር ለሣር ፈለግሁ፤ ሰው ቢረግጠው ብዬ ተጨነቅሁ። የኔታ ዳገቱን ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ።

«መንጠቆው።»

መዳፏን ከፍታ አሳየችኝ። ጥፍሩ ቀይ በተቀባው ጣቷና በአውራ ጣቷ መካከል ይዛዋለች። «አባባ አንተን ብቻ ነው የጠየቀው» አለች። «እኔን መንጠቆ አለሽ ወይ ያለኝ የለም።»

እጄን ዘረጋሁ። ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና አባቷን ልትደግፍ ሮጠች። ከተጋባን በኋላ ስንት መንጠቆ ገዝቻለሁ፤ ያንን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም፣ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኋትም።