የመርሳው ጠፈርተኛ

ባለፈው እሑድ ሰላም የምትባለው የወንድሜ ልጅ ልትጠይቀኝ ወልዲያ መጥታ፣ ምሳ እንደበላን ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። «እቴቴ፣ እስቲ ወደዚህ እዪ» አለችኝ። አየሁ። ስልኩ ምን እንዳደረገ እንጃ፣ ሻሼ ጠፍቶ ነጭ የጠፈር ልብስ ለብሻለሁ፤ ከኋላዬ ጨረቃ፣ ከጎኔ ሮኬት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ቀጥላ አንድ ቦታ ነካ ስታደርግ ግን የሄልሜቱ መስታወት ወረደና ፊቴ ጠፋ። «አጥፊው!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። ሽበቴን አይቼ የከፋኝ መስሏት ይቅርታ ስትለምነኝ ጥያት ጓዳ ገባሁ። ሽበቴንስ ከለመድኩት ቆየሁ። ያስጮኸኝ ሠላሳ ምናምን ዓመት አፌን ዘግቼ የያዝኩት ነገር ነው።

አባቴ መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ፎቶ ቤት ነበረው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄደና ፎቶ የማነሳው እኔ ሆንኩ። ሃያ ዓመቴ ነው። በከተማው ሴት ፎቶ አንሺ እኔ ብቻ ነበርኩና ትዕቢቴ ለብቻው ወንበር ይፈልግ ነበር። «አገጭህን ቀና! እጅሽን ጉልበትሽ ላይ!» እያልኩ ሽማግሌ ሳይቀር አዝ ነበር። አፌም እንደ ዛሬው ስለት ነው።

ያን ሰሞን በቀበሌው አዳራሽ የሩሲያ ጠፈርተኞች ፊልም ይታይ ነበር። ከፊልሙ በፊት ረጅም ስብሰባ አለበት፤ ሰው ግን ሰማይ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰውዬ ለማየት ሲል ስብሰባውን ይችለው ነበር። ጠፈርተኛው ዳቦውን አየር ላይ ለቆ በአፉ ሲቀልበው አዳራሹ በጭብጨባ ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲያ የመርሳ ወሬ ሁሉ ሰማይ ሆነ። ረጅሙ ሁሉ «ሮኬት» ተባለ። እኔም ፎቶ ቤታችን ውስጥ የሚሰቀለውን ባለ ፏፏቴ መጋረጃ ጠላሁትና ጨረቃ ይሣልልኝ አልኩ።

ወልዲያ ውስጥ የቡና ቤት ታፔላ የሚጽፍ ሰዓሊ አቡጀዲ ላይ ሣለልኝ። ጨረቃው አማረ፣ ሮኬቱም አማረ፤ ሥሩ ላይ ግን ጽጌረዳ አበባ ደረደረበት። «ጨረቃ ላይ አበባ የለም እኮ» ስለው «ሄደሽ አይተሻል?» አለኝ። ልብሱን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሰይድ ከነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፋው። ሄልሜቱ ከሲሪንቃ በሞተር ብስክሌት የሚመላለስ አንድ ሠራተኛ ወድቆ ከተረፈ በኋላ «ሁለተኛ አላየውም» ብሎ የሰጠን ነው። ነጭ ቀባሁት። የፊቱ መስታወት ጥቁር ነበር፣ ተጣብቆም ስለቀረ አይከፈትም። ሰይድ ሄልሜቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ወላሂ፣ ይህን አጥልቆ ሰማይ የደረሰ ሰው ማን ነህ ቢሉት ምን ሊል ነው?» አለኝ። ስቄ አለፍኩት።

አሁን የቀረኝ አንድ ናሙና ብቻ ነበር። መንገድ ዳር ባለው የመስታወት ሳጥናችን ውስጥ የሚሰቀል፣ ቅዳሜ ገበያተኛውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም የጠፈርተኛ ፎቶ። ችግሩ ፊልም ነው። በጦርነቱ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ አባቴ ፊልም ሊያመጣ ደሴ ሄዶ እዚያው ቆየ። ካሜራው ውስጥ የነበረው ጥቅል አሥራ ሁለት የሚያነሳ ነው። አሥራ አንዱ አልቋል።

ጥቅምት ነበር፤ በቆላው ማሽላው አሽቶ ሜዳው ሁሉ ቀላ ብሎ። ለብሔራዊ ውትድርና የተያዙ ልጆች ከየገጠሩ መጥተው መኪና እስኪመጣላቸው ቀበሌው ግቢ ተቀምጠዋል። አንዱ አጃቢውን ወታደር አስፈቅዶ ወደ እኔ መጣ። ሞላ ይባላል፣ የግራና ልጅ ነው፣ ከአሥራ ዘጠኝ አይበልጥም። ወፍ ሲጠብቅ ከማማው ላይ ነው ያወረዱት። በእጁ አንድ አገዳ ጥንቅሽ ይዟል።

«እህቴ፣ አንድ ፎቶ ለእናቴ» አለኝ። «ሳልሰናበታት ነው የመጣሁ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ፊቴ ደህና አድርጎ ይታያት። ገንዘብ ግን የለኝም፤ ይኼን ጥንቅሽ ብቻ ነው የያዝኩ።»

ቁመናውን አየሁት። ሰፊ ትከሻ፣ ቀጥ ያለ አቋም። ልብሱ ልክ ይሆነዋል። ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም አላስቸኮለኝም፤ አስቤበት ነው ያደረግኩት።

«በነጻ አነሳሃለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ይቺን ለብሰህ አንድ ለእኔ፣ ቀጥሎ አንድ ለእናትህ።»

ደስ አለው። ልብሱን ለበሰ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ጨረቃዋ ፊት ቆመ። ከውስጥ በታፈነ ድምፅ «ከዚህ ላይ ሆኜ ግራና ይታየኛል?» አለ። «ምን ግራና ብቻ፣ የእናትህ ጓሮም ይታይሃል!» አልኩት። በር ላይ የቆመው አጃቢ ሳይቀር ሳቀ። አነሳሁት። አሥራ ሁለተኛዋ እሷ ነበረች።

ሄልሜቱን አውልቆ ላቡን ጠረገ፣ ከእኔ ማበጠሪያ ተውሶ ጸጉሩን አበጠረና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ፊልም አልቋል» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ያን ብነግረው «ታዲያ ለምን የአንቺን አስቀደምሽ?» ይለኛል፤ ምን እመልሳለሁ? ዓይኔን ካሜራው ላይ ጣልኩና ተጫንኩት። ካሜራ ባዶውንም ቀጭ ይላል፤ ላላወቀው ሰው ድምፁ አንድ ነው።

«ዓይኔን ጨፈንኩ እንዴ?» አለኝ።

«አልጨፈንክም።»

«እስቲ ለማንኛውም ድገሚኝ።»

«አንድ ይበቃል ወንድሜ፣ ይልቅ መኪናው እንዳያመልጥህ» አልኩት። አይ እኔ! ያ መኪና ባመለጠው!

«እናቴ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፤ እሷው መጥታ ትወስዳለች» ብሎኝ ሄደ። ጥንቅሹን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ነበር። በላሁት። ጣፋጭ ነበር። እረፍት ሲያገኝ ይመጣል፣ ያኔ ፊልም ሞልቶ ይተርፋል፣ አሥር ጊዜ አነሳዋለሁ እያልኩ ነው የበላሁት።

ቅዳሜ እናቱ መጡ። እማማ የሺ ይባላሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለት ፓፓያ የያዙ ሴት። ፎቶውን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አወጡት፣ አገላበጡት።

«ልጄ የቱ ነው?»

«ይኸው፣ የቆመው።»

«ፊቱስ?»

«ከውስጥ ነው» አልኳቸው። የጣታቸውን ጫፍ መስታወቱ ላይ አድርገው ገፋ ገፋ አደረጉት፣ የሚከፈት ይመስል። ቶሎ ብዬ «ፊቱ የሚታይበት ፊልም ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ፤ ሲመለስ አነሳዋለሁ» አልኩ። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉና ፓፓያውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ተቀበልኩ እኮ!

ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳጥኑ ላይ ሲሰቀል መርሳ ጉድ አለች። ከወልዲያ ተማሪዎች ሳይቀሩ ያን ልብስ ለብሰው ሊነሱ መጡ። ስሜ ገነነ። ሞላን ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ በየቀኑ አየዋለሁ፣ ግን ፊት ስላልነበረው አያየኝም።

በልጉ ሲገባ የሞላ መርዶ መጣ። ከደሴ የተመለሰው አባቴ «ፎቶው ሳጥናችን ላይ ተሰቅሎ ልቅሶ አለመድረስ ነውር ነው» ብሎ ትልቁን ፎቶ ከሳጥኑ አውርዶ በጨርቅ ጠቀለለና ይዞኝ ግራና ወረደ። አሞኛል ልል ቃጥቶኝ ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ደርሰን ስናይ ሴቶቹ የሞላን ጋቢና ሸሚዝ ይዘው ያለቅሳሉ። እንደ አገራችን ወግ የሟች ፎቶ ከፍ ብሎ ይያዛል፣ ለቀስተኛው ፊቱን እያየ ያለቅሳል። እማማ የሺ የያዙት ያን ባለ ጥቁር መስታወት ፎቶ ነው። እያዞሩ ያሳያሉ፣ ሰው አይቶ ግራ ይጋባል፣ አንዱ ለአንዱ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል። እሳቸው እንዲህ አሉ፦

«ፎቶህን ባነሳው ፊትህን አጣሁት፣
ልጄን የት ነው ብዬ ጨረቃን ጠየቅሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አባቴም ያመጣውን ትልቁን ፎቶ ከጨርቁ ሳይፈታው ቀረ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እማማ የሺ አባቴ አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። «ጌታው፣ ያ ብርሃን ገባበት የተባለው ፊልም ይገኝ ይሆን? የተበላሸውንም ቢሆን ይስጡኝ። ጥላውም ቢሆን ይበቃኛል።»

«አይዞዎት» አላቸው አባቴ። «ብርሃን የገባበትም ቢሆን አንዳንዴ ፊት አይጠፋበትም። ቤቱን ገልብጬ እፈልገዋለሁ።»

ሦስት ቀን ፈለገ። በዚያ በደከመ ዓይኑ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ አጉሊ መነጽር ይዞ፣ የዓመቱን ኔጋቲቭ አንድ በአንድ እያነሳ። ዓይኑ ያለቅሳል፣ በመሐረብ ይጠርጋል፣ ይቀጥላል። እኔ ሻይ አቀርብለታለሁ። ሻይ ብቻ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ሄልሜቱ አለ።

«ከዚህች በኋላ ፊልም የለም» አለ። ቀና ብሎ «አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

አልተቆጣኝም፣ ምነው በተቆጣኝ። ተነስቶ ጨረቃዋን ከግድግዳው ነቀለና ጠቀለላት። በማግሥቱ ብቻውን ግራና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት።

«ምን አሉ?»

«እውነቱን ስነግራቸው ምንም አልተቆጡ። ‹እንዴት ሆኖ ነበር የተቀመጠው?› ብለው ጠየቁኝ። እኔ አላየሁትም አልኳቸው።» ጫማውን እያወለቀ ነበር የሚያወራኝ። «ያየሽው አንቺ ነሽ። ሄደሽ ንገሪያቸው። እሱ እንኳ ፊልም አይፈልግም።»

እሺ አልኩ። ነገ አልኩ። ከፋሲካ በኋላ አልኩ። ከዚያ ተኩሱ ቀረበ፣ ፎቶ ቤቱን ዘግተን ወደ ደሴ ሸሸን። ሰላም ሲሆን ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ወልዲያ ኑሮ መጣ። ከወልዲያ ግራና ስንት መንገድ ነው? ጠዋት ወጥተው ለምሳ ይመለሱበታል። በመርሳ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ግራና የሚታጠፈውን መንገድ ላለማየት ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ሻገተ። አባቴ ሲሞት ልቅሶ የደረሰች አንዲት የግራና ሴት፣ እማማ የሺ ካረፉ መቆየታቸውን፣ ያቺንም ፎቶ እስከ መጨረሻቸው ከትራሳቸው ሥር እንዳልለዩዋት ነገረችኝ።

ከዚያም ወዲህ ሌላ ጦርነት በዚሁ መንገድ መጥቶ ሄዷል። የዛሬ እናቶች ስልክ ሙሉ የልጅ ፊት አላቸው፤ ሐዘኑን አያቀለውም፣ ግን የሚያዩት አላቸው። ለሰላም ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ እንዴት ነበር የተቀመጠው?» አለችኝ። ልክ እንደ እሳቸው። እሷ ልትጠይቀኝ ሳይሆን ልታጽናናኝ ነበር፤ እኔ ግን መልሱን ለጥያቄው ባለቤት ነው የምሰጠው፣ ሰሚው በሌለበትም ቢሆን።

እማማ የሺ፣ ሞላ በርጩማው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ይሰበርብኛል ብሎ የፈራ ይመስል። ጉልበቶቹን ገጥሞ እጆቹን ላያቸው ላይ አድርጓል። ከግራ ጆሮው በላይ የማሽላ ገለባ ጸጉሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ አይቼ አላነሳሁለትም። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ስለሌለ አንገቱን በእጁ ሰብሰብ አደረገው፣ ከዚያ ለቀቀው። ላለመሳቅ ከንፈሩን ነክሷል። የሚያየው እኔን አልነበረም፤ እርስዎ ከኋላዬ የቆሙ ይመስል በካሜራው ውስጥ አሻግሮ ነው ያየው። ዓይኑንም አልጨፈነም።