ዝናብ እናንተ ጋ ጀምሯል?

ቴፒ ላይ ለቡና አምራቾች የሠራነው መተግበሪያ ሊሞት አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ያሠራን ማኅበር ለቀማው እስኪያልቅ ሰው ካልተጠቀመበት እንደሚዘጋው ቁርጡን ነግሮናል። እኔ ኮድ በመጻፍ አልታማም፤ የዋጋ ሰሌዳ፣ መወያያ፣ ባለቀለም ግራፍ፣ ያልከተትኩበት ነገር የለም። ሰዉ ግን ይመዘገባል፣ ያያል፣ ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። ዝምታው ያበሽቀኝ ነበር።

ከሚዛን ከተማ የመጣችው ንድፍ ሠሪ ባልደረባዬ አትበሽቅም። ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ቡና የተሰጣበትን ግቢ ሁሉ ስትዞር ከረመች። ሽርሽር የመጣች መስሎኝ በሆዴ አማኋት። ስትመለስ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ሰው ቡና አስጥቶ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ ምን ይላል?»

ይህንማ ማን ያጣዋል? ከእኛ በላይ ደጋው ላይ፣ ጌጫ ወይም ማሻ ያለ ዘመዱን ዝናብ ጀምሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደጋው ላይ የጀመረ ዝናብ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ቡናው ሳይረጥብ መሸፈን አለበት።

«ታዲያ የእኛ መተግበሪያ ይህን የቱ ጋ ይጠይቃል?»

የትም። ግራፎቼን አንድ በአንድ ከፊት ገጹ ስታነሳቸው ከገላዬ የተቆረጠ ያህል አመመኝ፤ ተኮሳትሬ ተከራከርኳት። እሷ ግን ያንን ጥያቄና አንድ የድምፅ መቅጃ ብቻ አስቀረች። አማርኛ መጻፍ የሚያሳፍረው ሰው በቋንቋው ይናገር፣ ድምፁም ከእሱ በታች ላሉት ሁሉ ስልክ ላይ ይድረስ አለች። ስለ ጥሩ ንድፍ ስንት ነገር አንብቤ ያልገባኝን፣ እሷ በአንዲት ባዶ ገጽ አሳየችኝ። እንዴት እንዳደነቅኳት ለራሷም አልነገርኳትም፤ ኩርፊያዬ ገና አልለቀቀኝም ነበር።

አንድ ከሰዓት እናቴ ግቢ ሆኜ ስልኳ ጮኸ፤ በመተግበሪያው የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። አንዲት የማናውቃት ሴት ከጌጫ በሸክኛ እየተናገረች ነው፤ ደመናው ወደ እናንተ እየወረደ ስለሆነ ቡናችሁን ሸፍኑ ትላለች። እኛ ጋ ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጥታለች። እናቴ ግን ሸራውን ይዛ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። የመጨረሻውን ጫፍ ስናስር ዝናቡ ወረደብን።

እናቴ እስከዚያ ቀን መተግበሪያውን የምትከፍተው የልጇን ሥራ ለጎረቤት ለማሳየት ብቻ ነበር። አሁን ግን በረጠበ እጇ ስልኩን አንስታ፣ ከእኛ በታች ላሉት፣ አይታቸው ለማታውቃቸው ሰዎች መናገር ጀመረች። ያኔ መተግበሪያው እንደማይዘጋ ገባኝ።