የፊት ፍሬን ምክሬን አትከተሉ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት በሞተረኞች ገጻችን ላይ ተከራክሬ ያሸነፍኩበትን ምክር ለመሻር ነው።

«ቁልቁለት ላይ ዋናው የፊት ፍሬን ነው» ብዬ ከመጽሐፍ ጠቅሼ ነበር። አንኮበርን ለዓመታት በሞተር የተመላለሱት ጋሽ ተሾመ፣ «ልጄ፣ መጽሐፍሽ ጠጠር ላይ ነድቶ ያውቃል?» ሲሉ ጻፉልኝ። እኔም ማስረጃ ጠየቅኋቸው። ብዙ ሰው ሳቀባቸው።

ዛሬ ከሰዓት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስወርድ፣ ጠጠር የፈሰሰበት መታጠፊያ ላይ በጉም ውስጥ የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ። ጎማው ከሥሬ ሸሸ። ሞተሩ ተንሸራትቶ የቆመው ከገደሉ አፋፍ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ነው፤ እኔም አጠገቡ ወድቄ ነበር።

ጋሽ ተሾመ፣ የጠየቅኩዎት ማስረጃ ጉልበቴ ላይ አለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሣራ የምትባል ነርስ ከጽሑፌ ሥር፣ «ቅዳሜ አልዩ አምባ ስወርድ እንዳልሽው አደርጋለሁ» ብላለች። መልእክት ብልክላትም አልከፈተችውም።

ጠጠር ላይ ወድቃችሁ የምታውቁ፣ እንዴት እንደነበረ ከታች ጻፉ። ሣራን የምታውቁ ደግሞ እባካችሁ ደውሉላት፤ ጠጠር ላይ የፊቱን ፍሬን እንዳትጨብጥ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ንገሩልኝ።