ለእህቴ ዓሦች የተበሳው መስኮት

የልጅ ልጄ ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አስቀምጧል። ሰሞኑን ውሃውን ከነሣሩ ሞልቶ፣ አንዴ ነጭ አምፖል አንዴ ቢጫ እያበራ፣ «እምዬ፣ ለሣሩ የቱ ይሻለዋል?» አለኝ። ልመልስለት ጎንበስ ስል የእርጥብ ሣርና የጭቃ ሽታው አወደኝ። ልቤ ወረታ፣ አባቴ ቤት ገብቶ ነበር።

በንጉሡ ጊዜ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። ቤታችን መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃን በበሩ ብቻ ስለሚገባ መሸመኛውን እዚያው ተክሎ ሲሸምን ይውላል። ታላቅ እህቴ ከውስጥ መደቡ ላይ ትተኛለች። ከታመመች ወዲህ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል። ዛሬ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ ያኔ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወስደናት፣ ጸበል አስጠምቀናት ሳይሻላት ተመልሳለች። ከዚያ በፊት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲመስል፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ የምትሮጠው እሷ ነበረች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እከተላለሁ።

ያን ክረምት ብቻዬን ስወጣ፣ «ሜዳውን አምጪልኝ» አለችኝ። ቀልዷን ነው። እኔ ግን የምሯን መሰለኝ። ጠጅ ሻጯ ጎረቤታችን አንገቱ የተሰበረ ደምጃን፣ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ፣ ነበራት፤ ለመንኳት፣ ሰጠችኝ። አባቴ ስብራቱን በድንጋይ ሞርዶ አለሰለሰልኝ። ከሜዳው ውሃ፣ ጭቃ፣ የውሃ ሣርና ጥቂት የቀረሶ ዓሣ ጫጩቶች ጨምሬበት ገባሁ። እህቴ ደምጃኑን አቅፋ፣ ጉንጯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ሣሩ ግን ጨለማውን አልቻለም። ቢጫ ሆነ፤ ቅጠሉም ይረግፍ ጀመር። ኩራዝ አጠገቡ ብናበራለት ከጥላሸት በቀር ያተረፍነው የለም። ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ባስቀምጠው ደግሞ ውሃው ሞቆ አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ገቡ። እየሮጥኩ መለስኩት።

እህቴ ብዙ ስታየው ቆየችና፣ «አባየ፣ የጧት ፀሐይ ቢያገኙ ይበቃቸው ነበር። በዚህ በምሥራቁ በኩል ግድግዳውን ቢበሱልኝ?» አለች።

እናቴ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። «ብርዱስ? ለዓሣ ብላችሁ ልጄን ልታሳጡኝ ነው?»

አባቴ ተነስቶ የምሥራቁን ግድግዳ ዳሰሰው። በማግስቱ ሥራውን አቁሞ መጥረቢያውን አነሳ። ምርጊቱ ረገፈ፣ ጭራሮው ተቆረጠ፣ ብርሃኑ መደቡ ላይ ወደቀ። እናቴ ልትቆጣ መጥታ ነበር፤ እህቴ አጠገብ ተቀመጠች። እህቴ ምን ያህል እንደከሳች ሁላችንም ያየነው ያኔ ነው።

አባቴ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ የሚጋረድ ሳሳ ያለ ጨርቅ ሸመነ። ሣሩ አዲስ ቅጠል አወጣ። ጧት ጧት ብርሃኑ በውሃው አልፎ ጣሪያው ላይ ይርገበገባል፤ እህቴ በጣቷ ትከተለዋለች። እናቴም እንዝርቷን ይዛ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ለመደች።

መስከረም ጠብቶ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ ዓሦቹ አድገው ደምጃኑ ጠበባቸው። «ይሂዱ» አለች እህቴ። አባቴ አዘላት፤ እኔ ዓሦቹን በቅል ይዤ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ጅረት ዘንድ ሄድን። ዳር ላይ ተቀምጣ ቅሉን ቀስ አድርጋ ዘነበለችው። ዓሦቹ ወዲያው አልሄዱም፤ በጣቶቿ መሃል ሲዞሩ ቆዩ። ከሄዱም በኋላ እጇን ከውሃው አላወጣችም።

«ይበርድሻል፣ ልጄ» አላት አባቴ።

«ትንሽ ልቆይ፣ አባየ።»

የሚቀጥለውን ክረምት አላየችም። ያን ቀን ግን አባቴ አልቸኮለም። ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና አጠገቧ ቆመ፤ እሷ በቃኝ እስክትል ድረስ ጠበቃት።