ሰባኪውን ይዤ ጭልጋ የሄድኩ ዕለት

ያን ሰባኪ ዛሬም አራዳ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም።

ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከረባት የማይለየው ሰው ነበር። በክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የጎንደር ተማሪዎችን ይዞ ጭልጋ ገጠር ወንጌል ሊያስተምር አሰበ። ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው ማደሪያ እንለምን ብሎ በጥር ይዞኝ ወጣ። እኔን የመረጠኝ አጎቴ አያ ፈንታ እዚያ ስለሚኖር ነው።

አጎቴ በግ አርዶ፣ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ጠበቀን። ገና ሳንቀመጥ ሰባኪው፣ «ከመካከላችሁ የተጠመቀ እጁን ያውጣ» አለ።

አጎቴ በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሳ ሰው ነው፤ ጾም ሽሮ አያውቅም። የሁሉም ማተብ አንገታቸው ላይ ይታያል። ጠጋ ብዬ፣ «እነዚህ እኮ ክርስቲያኖች ናቸው» አልኩት በጆሮው።

«አገው አይደሉ? አገው መቼ ተጠምቆ ያውቃል? ዝም በል፣ እኔ አውቃለሁ» አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ማደሪያው ቀርቶ የአጎቴን ፊት ዳግመኛ የማየው አልመሰለኝም።

አጎቴ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንቱሳ፣ የኔ ጌታ? ምነው ማተብዎ አይታይም?»

«የሸሚዝ አንገት ያቆሽሻል፣ አላስርም። ሃይማኖት በልብ ነው።»

አንዲት ሴትዮ አማተበች።

አጎቴ አልተቆጣም፤ እንዲያውም አንጀቱን የበላው ይመስላል። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጆቹ በክረምት ይምጡ፣ ቤት ሞልቷል» አለኝ። ከዚያ ወደ ሚስቱ፣ «ሥጋው ግን ይቆይ። መጀመሪያ ቄሱን ጥሪልኝ፤ ለዚህ ምስኪን የክርስትና አባት እኔ እሆነዋለሁ።»