ጨው ያልነበረው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት በሥነ ምድር ቤተ ሙከራ አስተማሪያችን ቅሪተ አካል ያለበት የኖራ ድንጋይ እያዞሩ «እፍ በሉበትና አሽትቱት» ሲሉን፣ ያ የእርጥብ አቧራ ሽታ ማስታወሻ መያዜን አስረሳኝና አሰብ አስገባኝ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ የምንማርበት፣ ነፋሱ በመስኮት አሸዋ እያስገባ ደብተራችን ላይ የሚበትንበት አራተኛ ክፍል ውስጥ።

አባቴ ከደሴ ተዛውሮ በወደቡ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ የክፍል አለቃ ነበርኩ። ሰሌዳ ማጥፋት፣ የረባሾችን ስም መጻፍ፣ ሳልጠየቅ ጠመኔ ማቀበል ደስታዬ ነበር። መምህር ታዬ፣ ከደጋ የመጡ ረጅም ሰው፣ ስለ ድንጋይ ዓይነቶች ሲያስተምሩን እያንዳንዳችን አንዳንድ ድንጋይ እንድናመጣ አዘዙ። ሁላችንም ከከተማው ጀርባ ከፈነዳው የጥንት እሳተ ገሞራ የቀረውን ጥቁርና ባለቀዳዳ ድንጋይ ተሸክመን መጣን፤ ጠረጴዛቸው የከሰል መደብር መሰለ። ነጭ ያመጣችው ፋጡማ ብቻ ነበረች። ፋጡማ አጠገቤ የምትቀመጥ የአፋር ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ደባይሲማ ከሚባለው መንደር ወዲያ ፍየል ያረባሉ፣ እሷ ለትምህርት ብላ አሰብ አክስቷ ቤት ትኖር ነበር። በድንጋይዋ ውስጥ ዛጎሎች ተጣብቀው ነበር።

«ፍየሎቻችን ከሚወጡበት ኮረብታ ነው» አለች።

«ዛጎል ኮረብታ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ? ፍየል ሊያግድ?» አሉ መምህር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ።

«እሱ አልወጣም። ባሕሩ ነው የሄደው። አያቴ ነግሮኛል።»

መምህር «ከወደቡ ዳር ለቅመሽ ዋሸሽን» አሏት፤ መዋሸቷን አምና ይቅርታ ካልጠየቀች ክፍል እንደማትገባ ነገሯት። ወደ እኔም ዞረው «አለቃ፣ ውሸታም ብለሽ ስሟን ጻፊ» አሉኝ።

ጠመኔውን አነሳሁ። ያን ጊዜ ፋጡማ፣ አንቱታን ባልለመደ አማርኛዋ፣ «አንተ ቅመሰው!» አለቻቸው። አሰብ ውስጥ ድንጋይ መቅመስ ነውር አይደለም፤ የባሕር ዳሩ ድንጋይ ጨው ስላለበት ልስን አይዝም፣ ግንበኛም ሳይልስ አይገዛም። መምህር ግን ደገኛ ናቸው፤ በተማሪ ፊት ድንጋይ ሊልሱ ነው? ድንጋዩን በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

ጠመኔውን አስቀመጥኩና ላስኩት። አቧራ፣ ትንሽም የፍየል ጠረን።

«ጨው የለውም መምህር» አልኩ። «ስሟን አልጽፍም።»

በዚያው ቀን ከአለቅነት ወረድኩ፤ በሳይንስም ዜሮ ተሰጠኝ። አባቴ «አስተማሪ ነው ልጄ፣ ይቅርታ ብትይ ምን ትሆኛለሽ?» አለኝ። ከእኔ እምቢታ ሰምቶ የማያውቀው አባቴ የዚያን ዕለት ሰማ።

ፋጡማ ሦስት ማለዳ ከክፍሉ ውጭ ቆመች። በሦስተኛው፣ ያው ሰው ማስደሰት የለመድኩ ነኝና፣ «አንዲት ቃል ብቻ በይና ግቢ» ብዬ ለመንኳት። ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ ቀምሰሽዋል» አለች። «እኔ ምን ብዬ ልዋሽ?» በማግስቱ አክስቷ ከወደቡ ወደ ደጋ በሚወጣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጣ ወደ ወላጆቿ ላከቻት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተማሪዎች አስደስቻለሁ፤ ዛሬም ማስደሰት እወዳለሁ። ባሕሩ ከዚያ አገር መሸሹን የሚያስረዳኝ መጽሐፍም ሞልቷል። ከመጽሐፉ በፊት ያወቀችው ግን እኔ በተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ የለችም። አባቴ በየደብዳቤው «ለክረምት ስትመጪ መምህር ታዬን ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ አርጅተዋል» ይለኛል። አልጠይቅም። ይቅርታ የሚገባት ፋጡማ ናት፤ እሷም ዛሬ የት እንዳለች የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።