በበግ ዓይን የመረጥኳቸው ዓሦች

በሞላሌ ገበያ በግ ሊገዛ የሚወጣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ላቱን ዳበስ አደርጋለሁ፤ አፉን ፈልቅቄ ጥርሱን አያለሁ፤ ወገቡን በመዳፌ ጫን እላለሁ፤ ከዚያ ፊቴን አኮሳትሬ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ሻጩ ይደነግጣል። በዚህ ሙያ ዕድሜ ልኬን ስኮፈስ ኖሬ በስተርጅና ከመዳፌ የማይበልጡ ሁለት ዓሦች ጉድ ሠሩኝ። አመልካች ጣቴ ላይ ያለችው ጠባሳ የእነሱ ናት። ለጠየቀኝ ሁሉ ማጭድ ቆርጦኝ ነው እላለሁ። እዚህ ግን እውነቱን እጽፋለሁ፤ ባለቤቴ እንደሆነች ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ነገሩ የጀመረው ከእሷ ጉልበት ነው። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ገበያ መውጣት ቀረባት። ገበያ ስል መግዛት መሸጡን ማለቴ አይደለም። እሷ የምትወጣው ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደሚያወራ፣ ማን ማንን አይቶ ፊቱን እንዳዞረ፣ የማን ምራት ምን እንደለበሰች ልታይ ነበር። ቤት ስትውል የምታየው ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። እኔ ደግሞ ሁለቴ የሚታይ ነገር የለኝም።

አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ሥራዋ የሆቴሎችን የዓሣ ገንዳ መንከባከብ ነው። አንድ ሆቴል ሲታደስ የባሕር ዓሣ የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳውን አልፈልግም አለ። እሷም ከነድንጋዩ፣ ከነዓሣው በጭነት መኪና አስጭና መጣችና ሳሎናችን ውስጥ ተከለችው። ርዝመቱ የእኔን አልጋ ሊያህል ትንሽ ይቀረዋል። በውስጡ የባሕር ድንጋይ ተቆልሏል፤ በድንጋዩ ላይ አበባ የሚመስሉ፣ ግን ነፍስ ያላቸው ኮራሎች ተጣብቀዋል። ውሃው በልዩ ጨው የተበጠበጠ ነው። ይህን የሰማ ጎረቤቴ፣ «ጨው ካለማ በጎቼን ላምጣቸው?» አለኝ።

ገንዳው ማሞቂያ አለው፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪም አለው። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን ይህን ስትሰማ፣ «እኔ በመንዝ ብርድ ስንቀጠቀጥ ኖሬ ለዓሣ ማሞቂያ ተገዛለት» ብላ አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ወንበሯን ገንዳው ፊት አስጠጋች። በሳምንቱ፣ «ዝም በሉ፣ ገበያ ላይ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ከሁሉም የወደደቻት አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ነበረች። ፊቷ ነጣ ያለ፣ ከወገቧ በታች እሳት የተለኮሰባት የመሰለች፤ በጀርባዋ ላይ እንደ ላባ የቆመ ረጅም ክንፍ አላት፤ ያንን ወደ ላይ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ታደርገዋለች። ባለቤቴ ሙሽሪት አለቻት። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሷን ነው። ሁለተኛ ጉልበቷን ነው። የእኔ ተራ የሚደርስበት ቀን አለ፤ የማይደርስበትም አለ።

አንድ ጊዜ ልጃችን መጥታ ገንዳውን አየችና ድንጋዩ አረንጓዴ እያበቀለ ስለሆነ የሚግጥ ዓሣ ያስፈልጋል አለች። ቦታው ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ዓሣ ይበቃል። ለሥራ ራቅ ያለ አገር ልትሄድ ስለነበር ስትመለስ እንደምታመጣ ነገረችን።

«እኔ እያለሁ?» አልኳት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ በግ አይደለም።»

«የሚግጥ ነው አልሽ አይደል? የሚግጥ ከሆነ አውቀዋለሁ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ልጄ ወረቀት አውጥታ የምገዛውን ጻፈችልኝና ደረት ኪሴ ውስጥ ከተተችው። በቃሏም መከረችኝ፤ አፉ ሰፊ የሆነ ዓሣ አፉ የቻለውን ጎረቤት ሁሉ ስለሚውጥ እንዳላመጣ፤ ይልቁንም በቅርፁም በቀለሙም ሁለት የሚመሳሰል እንዳላመጣ። የመጨረሻውን ስሰማ በሆዴ ሳቅሁ። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች አልኩ። በግ ብቻውን ሲሆን ሲጮኽ ውሎ ሣሩን ይተዋል፤ ቢጤውን ሲያገኝ ነው ሆዱ የሚሞላው። ይህን መንዝ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ስወጣ ባለቤቴ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ሙሽሪቴን የሚያስከፋ ይዘህ ብትመጣ፣ ከዓሣው ጋር በጎቹ ቤት ታድራለህ» አለችኝ።

አዲስ አበባ፣ ልጄ የነገረችኝ ሱቅ ደረስኩ። ባለሱቁ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ የባሕር ዓሣ ይሸጣል። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ፊቴን አኮሳትሬ ዞርኩ። ዓሣ ግን ፊቴን አይቶ አይደነግጥም። ከዚያ አንዱን አየሁት። ሰውነቱ ሐምራዊ፣ ጭራው ቢጫ፣ ደረቱን ነፍቶ ድንጋይ ይግጣል። ያለ ሥራ አይቆምም። ይሄ አውራ ነው አልኩ።

«አባቴ፣ እጅዎን አያስገቡ» አለ ባለሱቁ፤ እጀታዬን ስጠቀልል አይቶኝ።

«ላቱን ልይ ብዬ ነው።»

«ላት የለውም።»

«ጭራ ካለው ምን ያህል እንደሰባ ይታወቃል» አልኩና እጄን ሰደድኩ። ዓሣው አንዴ ወገቡን መታ አደረገ። የሆነ ነገር ጣቴን ላስ ያደረገኝ መሰለኝ፤ ሳወጣው ደሙ ይንጠባጠባል።

ባለሱቁ ሳቁን ውጦ ፕላስተር እየለጠፈልኝ አስረዳኝ። የዚህ ዓሣ ወገን ከጭራው ሥር በግራና በቀኝ ምላጭ የመሰለ ስለት አለው፤ ሲቆጣ ወይ ሲፈራ በእሱ ይቆርጣል።

«ቀድሞ አይነገርም ነበር?»

«እጅዎን አያስገቡ ስል ምን ያልኩ መሰለዎት?»

ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይማር ነበር። እኔ ግን ደሜን ባፈሰሰው ዓሣ ጭራሽ ኮራሁበት። ወንድ ማለት ይሄ ነው አልኩና፣ «ቢጤውን ጨምርልኝ» አልኩት። ባለሱቁ ሁለት አንድ ዓይነት በእኔ ገንዳ ልክ እንደማይስማሙ ሊነግረኝ ሞከረ። እጄን አነሳሁ፤ ባለ ፕላስተሩን። «እኔ የግጦሽ ነገር አይነገረኝም» አልኩት። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልገለጥኩትም።

ሁለቱን በየፕላስቲካቸው ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ፣ እንዳይበርዳቸው ባልዲውን በባና ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ታቀፍኩት። የበግ ጠጉር ባና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ አለበሰ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ቀስ ብለው፣ «ጨቅላ ነው?» አሉኝ።

«ዓሣ ነው።»

«ለጾም ወጥ?»

«ለማየት ነው።»

«ለማየት ብቻ?»

«ለማየት ብቻ።»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። ከኋላችን ያሉ ቄስ ግን ሰምተው ኖሮ፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሳ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ወገን ሆነን ጣርማ በር ጉም ውስጥ ስንገባ ሦስት ሆንን። ሦስተኛው ወገን እኔ ነበርኩ፤ ከታቀፍኩት በቀር ሁሉም ይበላል እል ነበር።

ቤት ገብቼ ልጄ እንዳሳየችኝ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ አለማምጄ ለቀቅኳቸው። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ፣ «ደግሞ መንታ ናቸው» አለች። ገና ሳትጨርስ ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በበግ ቋንቋ ልገልጸው አልችልም፤ በጎች ሲዋጉ ግንባር ለግንባር ነው። እነዚህ ጭራቸውን አዙረው ይሽከረከራሉ፤ እንደ ሁለት ማጭድ። ድንጋዩ ለአንድ በቂ ነበር፤ ሁለቱም የኔ ነው አሉ። ሙሽሪት ብልጭ ብላ ድንጋዩ ሥር ገባች።

«ይላመዳሉ» አልኩ።

እኛ አገር አዲስ የተገዛ በግ ከሌላው ጋር እስኪላመድ አንድ ችካል ላይ ሁለቱ ይታሰራሉ። ለቀናት ትከሻ ለትከሻ ሲውሉ ጠባቸው ይወጣላቸዋል። እኔም ልጄ ከተወችው ዕቃ መካከል ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሣጥን አገኘሁ። በብዙ ትግል ሁለቱን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼ ገንዳው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ባለቤቴ እስከ ሦስት ለመቁጠር በሚበቃ ጊዜ አየችና፣ «አንቱ፣ ይፍቷቸው» አለች። አንቱ የምትለኝ በጣም ስትቆጣ ነው። ፈታኋቸው። የአንደኛው ክንፍ ተተልትሏል።

ሙሽሪት በማግስቱም አልወጣችም። ምግብ ሲበተን ላባዋ ከድንጋዩ ሥር ብቅ ይልና አንዱ ሐምራዊ ሲያልፍ ይጠፋል። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴም ቁርሷን ተወች።

«ከፍቷት ነው» አለችኝ።

«ማን፣ ሙሽሪት?»

«ሙሽሪትም።»

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ገንዳው ፊት የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ነበር። አንድ ጣት የምታህል ዓሣ ብትሞት ቤቱ እንደገና እኔ ብቻ የምታይበት ቤት ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ ምን እንደምመስል ነግሬያችኋለሁ።

ልጄ የሙሽሪት ዓይነት ዓሣ ሲጨንቀው ከውሃ ዘሎ እንደሚወጣ ቀድሞ ነግራን ነበር። ባለቤቴም መቼ እንደሆነ ሳላይ ተነስታ አሮጌ ነጠላዋን በገንዳው አፍ ላይ ዘርግታ ጫፎቹን በድንጋይ ጫነቻቸው። ከቀትር በኋላ ሁለቱ ሲባረሩ ሙሽሪት ሽቅብ ተፈናጠረች። ነጠላው ላይ ጠብ ስትል ድምጿ እንደ ዝናብ ጠብታ ነበር። ነጠላው ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ አዘነበላት። ባለቤቴ በዚያ ጉልበቷ እንዴት ከእኔ እንደቀደመች አላውቅም። እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ነጠላውን አጎድጉዳ ይዛ መልሳ አስገባቻት። ከዚያ ስልኩን አንስታ ሰጠችኝ።

ልጄን በስልክ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየች።

«አባባ፣ ወረቀቱስ?»

«ደረት ኪሴ ነው።»

«አነበቡት?»

«ቃሉን በልቤ ይዤዋለሁ ብዬ...»

እናቷ ከጎን፣ «የያዘው በግ ነው» አለቻት።

ልጄ እየሳቀች መከረችን። የባሕር ዓሣ የሚጣላው ከሚመስለው ጋር ነው፤ የሚመስለው መኖውንም ሰፈሩንም ይሻማዋላ። የማይመስሉት ግን አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከጉድጓድ ሆነው ሳይነካኩ ይኖራሉ። ስለዚህ አንዱ ይውጣ፤ ሲወጣ ድንጋዮቹን አገላብጡ፤ ሰፈሩ አዲስ ሲሆን የቀረው ባለርስት ነኝ ማለቱን ይተዋል።

በወንፊት መረብ ዓሣ ከድንጋይ መካከል መያዝ የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ግማሽ ቀን እጄን ነክሬ ቆየሁ፤ የተያዘው እጀታዬ ነበር። ደክሞኝ ስቀመጥ ባለቤቴ፣ «በግ እንቢ ሲልህ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

«ጨው አሳየዋለሁ።»

«እኮ።»

የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ ዓሦቹ የሚወዱትን ደረቅ የባሕር ቅጠል ከውስጥ አሰርኩ፤ በጠርሙሱ አፍ ገመድ አዞርኩ። ገመዱን እሷ ያዘች። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። ያ ጣቴን የቆረጠኝ አውራ መጥቶ አሸተተ፤ ሄደ፤ ተመለሰ፤ አንገቱን አስገባ።

«ጎትቺ» አልኩ።

«ዝም በል፣ ታስደነግጠዋለህ።»

ጭራው ሲገባ ጎተተች። ሁለታችንም እንደ ሙሽራ አጃቢ እየሳቅን ውሃ በውሃ ሆንን። ከዚያ ድንጋዮቹን ካስቀመጥናቸው ቦታ ሁሉ አዛወርን። ባለቤቴ፣ «የመሬት ሽግሽግ ደረሰባቸው» አለች። ከሦስት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር።

አውራውን በባና ጠቅልዬ መልሼ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ባለሱቁ ሳይገረም ተቀበለኝ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁና ሰጠሁት። አነበበና፣ «አንድ ሐምራዊ ብቻ፤ ከእሱ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚግጠው ትንሹ ዓሣ» አለ። አሳየኝ። አፈር የመሰለ ቀለም፣ ወፍራም ከንፈር፣ ከዓይኖቹ በላይ እንደ ተንጨባረረ ቅንድብ ፀጉር የመሰለ ነገር ያለው ነው። ድንጋይ ላይ ተደግፎ ዓይኑን ያንከባልላል። ገበያ ቢሆን ዞሬም አላየውም ነበር። አልዳበስኩትም።

ቤት ስንለቀው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና በከንፈሩ መፋቅ ጀመረ። ሐምራዊው መጥቶ አየው፤ ከእሱ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ስላጣ ትቶት ሄደ። ያንን ቀን ሙሽሪት አልወጣችም። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ወንበሯን ከበሩ አዙራ ወደ ገንዳው አስጠጋች። ምግብ በተንኩ። ላባዋ ብቅ አለ፤ ሐምራዊው አለፈ፤ ላባው አልጠፋም። ቀስ ብላ ወጣች፤ ነቅነቅ አደረገችውና አንዲቷን ፍርፋሪ ቀለብ አድርጋ ዋጠች።

ባለቤቴ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ቁርስ የለም እዚህ ቤት?» አለች።

ቆሎውን ሳቀርብላት ያ ባለቅንድቡ ዓሣ አንዲቷን ድንጋይ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ቆይቶ፣ ምንም ሳያወጣ በኩራት ወደኋላ ሲደገፍ አየችው። እኔን አየች። እንደገና እሱን አየች።

«ይሄኛውን ግን በደንብ መርጠሃል» አለችኝ፤ ቆሎውን እየዘገነች።